እድራችን ለቀብር ብቻ አይሁን

ልጆቼ፣ ዛሬ የምነግራችሁን ብዙ ሰው ሟርት ይለዋል። ጎርፍ ሳይመጣ ስለ ጎርፍ፣ ቤት ሳይቃጠል ስለ እሳት፣ ምድር ሳትናወጥ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ማንሳት በእኛ ዘንድ ክፉን እንደ መጥራት ይቆጠራል። «ክፉ አታውራ» እየተባለ ያደገ ሰው ስለ ክፉ ቀን መምከር ይፈራል። እኔ ግን እዚህ ዕድሜ ደርሼ ያረጋገጥኩት ነገር አለ፤ ክፉ ቀን ስሙን ስለ ጠሩት አይመጣም፣ ስሙን ስለ ሸሸጉትም አይቀርም። አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ሲሉ ገንፎውን ተዉት ማለታቸው አልነበረም፤ እያያችሁ ጉረሱ ማለታቸው ነው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» የሚለውንም እኔ የምሰማው እንደ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር በአንዱ ወገናችን ላይ አንድ ነገር ይደርሳልና።

እኛ ሰው ከሞተ በኋላ የሚደርስለት አናጣም። ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ አስተዛዛኙ በተራ ያድራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውየው በሕይወት ሳለ በየወሩ ለእድር ስላዋጣን ነው። ለሞት እንዲህ አስቀድመን የምንሰናዳ ሕዝብ፣ ሰው እንዳይሞት አስቀድመን አለመሰናዳታችን ያንገበግበኛል። የዛሬው ምክሬ በዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከባድ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተናደና ቤት ከነሰው ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ፤ መሣሪያ ያጣው በእጁ ጭቃውን ይዝቅ ጀመር። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች ሳይቀሩ እዚያው ነበሩ። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ሲቆፍር ተራራው ደግሞ ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ የሚበዛውም ወገኑን ሊያወጣ የሄደው ነው።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ ይነሳኛል። እነዚያ ሰዎች የሞቱት በደግነታቸው ነው። ጩኸት ሰምቶ ቤቱ የሚቀመጥ በእኛ አገር ሰው አይባልም፤ እኔም ተቀመጡ ብዬ አልመክርም። ደግነት ግን ሥርዓት ይፈልጋል። አንዴ የተናደ ተራራ ገና አልጨረሰም፤ ውሃው በውስጡ እንዳለ ደግሞ ሊናድ ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ መንደር አንድ ሁለት ሰው ከፊት ለፊት አቁሞ ተዳፋቱን ያስጠብቃል። የሚቆፍሩት በጥቂት በጥቂቱ እየተፈራረቁ ይገባሉ። የቀረው ሕዝብ ራቅ ብሎ፣ ናዳው ከማይደርስበት ይቆማል። ጠባቂው ጡሩምባ ሲነፋ ሁሉም አካፋውን ጥሎ ይሮጣል፤ ሩጫውም ናዳው ወደሚወርድበት ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት እናት እየጮኸች፣ ሕፃን ከጭቃ ሥር እያለ ቁጭ ብሎ ማውጣት አይቻልም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው ለዚህ ነው።

ተራራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይናገር አይናድም። ከቤታችሁ በላይ ባለው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ስታዩ፣ ቀጥ ብሎ የኖረ ዛፍ ወይም አጥር ሲያዘነብል፣ ደህና ይዘጋ የነበረ በር ከመቃኑ አልገጥም ሲል፣ ጥርት ያለ ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ፣ ምንጭ ባልነበረበትም ውሃ ሲፈልቅ፣ ያ መሬት መንቀሳቀስ ጀምሯል። ልጆቻችሁንና ከብታችሁን ይዛችሁ ከሥሩ ተነሡ፤ ዝናቡ አባርቶ መሬቱ እስኪጠና አትመለሱ። እህሉን ላውጣ፣ ቆርቆሮውን ልንቀል ብሎ የሚመለስ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚቀረው። በተዳፋት ላይ ያለውን ዛፍ መንጥሮ፣ ቁልቁለቱን ቆርጦ ቤት የሚሠራም ዛሬ ባገኘው ቦታ አይደሰት፤ አፈሩን ይዞት የነበረው ያ ሥር ነው።

እንግዲህ ወደ እድሩ ልምጣ። ረጅም ዘመን በእድር ዳኝነት አገልግያለሁና ጓዳውን አውቀዋለሁ። አደጋ ሲደርስ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚያ አለ። የየቤቱ ሰው በስሙ የሰፈረበት መዝገብ አለ። ሌሊትም ቢሆን ሰፈሩን በአንዴ የሚቀሰቅስ ጡሩምባ አለ። ድንኳን፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሰሃንና ወንበር አለ። በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አለ። ከሁሉም በላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ሀብታሙና ድሀው እኩል የሚሰማው ዳኛ አለ። የመንግሥት እርዳታ ከከተማ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል፤ መንገድ በሌለበት ቀናት ይፈጃል። የተቀበረ ወይም በጎርፍ የተከበበ ሰው ደግሞ ሰዓታት የሉትም። የሚያወጣው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ የእድሩ አባል ነው።

እድር ለሕያው ሰው ምን አገባው የሚል ካለ፣ ከዚህ በፊት ተደርጓል እለዋለሁ። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በየቤቱ ገብቶ ቀብር ሲበዛ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ መድረስ፣ ወላጅ ያጣ ሕፃን መደገፍ ጀምረዋል። መተዳደሪያ ደንብ አባላቱ የጻፉት ነው፤ አባላቱ ያሻሽሉታል።

ከመዝገቡ እንጀምር። በየስሙ አንጻር መሮጥ የማይችለው ማን እንደሆነ ይጻፍ፤ አልጋ የያዘ አዛውንት፣ አራስ፣ ዓይነ ስውር፣ ክራንች የሚይዝ፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ። ከእያንዳንዱ ጎን ደግሞ እርሱን የሚያወጡ ሁለት ጎረቤቶች በስም ይሰየሙ። «ሁላችንም እናነሳቸዋለን» ያልን እንደሆነ ማንም አያነሳቸውም፤ አንዱ ሌላው አንስቷቸዋል ብሎ ያልፋል። አራሷን የሚሸከመው ማን እንደሆነ እርሷም፣ ባልዋም፣ ተሸካሚውም አስቀድመው ይወቁት።

ጡሩምባውም ሁለት ድምፅ ይኑረው። የሞት ጥሪ እንደ ለመድነው ይሁን፤ የአደጋው ግን ሳያቋርጥ የሚነፋ፣ ሕፃን እንኳ የሚለየው ይሁን። ያ ድምፅ ሲሰማ የሚሰበሰቡበት ቦታም ይወሰን፤ ከጎርፍ ከፍ ያለ፣ ከፎቅና ከኤሌክትሪክ ሽቦ የራቀ፣ ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ቅጥር፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ። እዚያ ሲደርሱ ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስም ይጥራ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር የብዙ ሰው ሕይወት ያተርፋል፤ የጎደለው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ሰው የሌለበትን ቤት ሲቆፍሩ መዋል ይቀራል፣ ባዶ ቤት ውስጥ ገብቶ መሞትም ይቀራል።

ከድስቱና ከሰሃኑ አጠገብ አካፋ፣ ዶማ፣ ድጅኖ፣ ረጅም ገመድ፣ መሰላል፣ ቃሬዛና የባትሪ መብራት ይቀመጥ። ይህ አንዱ አባል ብቻውን ልግዛ ቢል የሚከብደው ነው፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና እድሩ ይግዛው። ከወጣቶቹም ጥቂቶቹ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ይማሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ይህን ሥልጠና ይሰጣል። ደም የሚፈስሰውን ቁስል አጥብቆ መጫን፣ የተሰበረ እግርን በእንጨት አስሮ ማንሳት፣ ራሱን የሳተን በጎኑ ማስተኛት የሐኪም ቤት ምሥጢር አይደለም።

አሁን ደግሞ ድሬዳዋን አስቡ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ዳር ዳሩን ይኖርበታል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ግን ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች የጣለው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ወረደ። ሰው በተኛበት ከ250 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ሺዎች ያለ ቤት ቀሩ። በዚያው ክረምት የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ከ300 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። እንግዲህ ቆላ የሚኖር ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ አይቶ አይተኛ። ገዳዩ ዝናብ እርሱ ጋ ላይጥል ይችላል። ዛሬ ስልክ በየኪሱ አለ። የደጋው ሰው «እዚህ ከባድ ዝናብ እየወረደ ነው» ብሎ ለታችኛው እድር ዳኛ ቢደውል፣ የታችኛው ጡሩምባውን ቢነፋ፣ ሕፃናቱን ወደ ከፍታ ለማውጣት የሚሆን ጊዜ ይገኛል። የደጋው እድርና የቆላው እድር ስልክ ይለዋወጡ። ምንም ወጪ የለውም።

«እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» ሲባል ሰምታችኋል። በኃይል የሚወርድ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ጠንካራ ጎልማሳ ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ስለዚህ በጎርፍ ውስጥ መኪና ይዛችሁ ለመሻገር አትሞክሩ፤ እግረኛም ሆናችሁ ጉልበት አይደርስም ብላችሁ አትናቁት። ከተሜዎችም ቱቦ ውስጥ የምትጥሉት የሃይላንድ ጠርሙስና ፌስታል ሰኔ ላይ ውሃውን ወደ ጎረቤታችሁ ሳሎን የሚመልሰው ነው። ግንቦት ላይ ቱቦውን በዘመቻ መጥረግ የእድር ሥራ ይሁን።

ስለ ድሀው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻው ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ እነዚያ ሰዎች ክምሩ ሥር ያስጠጋቸው ድህነት ነበር። ተራራ ሥር፣ ወንዝ አፋፍ፣ ቆሻሻ ጥግ የሚሠፍር ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ ቢያገኝ ይጠላል? እንዲህ ላለው ሰው ተጠንቀቅ ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም። ቦታ የሚሰጥ አካል ቦታ ይስጠው፤ ያለው ጎረቤትም ክረምቱን እንኳ የሚያስጠጋበት ጥግ አይንፈገው።

ማስጠንቀቂያ መስማትም ራሱን የቻለ ዝግጅት ነው። ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሲቋቋም እንዲህ ያለ እልቂት እንዳይደገም ተብሎ ነበር። ኮሚሽኑም በ1976 ዓ.ም. የሚመጣውን የእህል እጥረት አስልቶ እርዳታ ሰጪ አገሮችን ተማጽኗል። ሰሚ ግን አልነበረም። እዚህ የነበረው መንግሥት ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ሲል ነበር፤ ባሕር ማዶ ያሉትም ልባቸው የተነካው ጥቅምት 1977 ላይ በኮረም የተራበውን ሕዝብ በቴሌቪዥን ካዩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ እህሉ ሲመጣ ሬሳው ተደርድሮ ነበር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የዝናቡን ትንበያ በየጊዜው ያወጣል፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ያነብቡታል። ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ይህን እየተከታተለ ለእድሩ እንዲያሳውቅ ይመደብ። አርሶ አደሩም ትንበያው ድርቅ ሲል ከብቱ ሳይከሳ፣ ዋጋው ሳይወድቅ ከመንጋው ቀንሶ ይሽጥና እህል ይያዝ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ይህንንም ይጨምራል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ቀን አይናገርም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናወጥ ከርማ፣ ታኅሣሥ 26 ሌሊት መጠኑ 5.7 የደረሰው መጣ። በአፋርና በኦሮሚያ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ፤ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የተኛ ሁሉ ነቃ። አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። በ1953 ዓ.ም. የመጀቴን ከተማ ያፈረሰው፣ የካራ ቆሬን ቤቶች ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚህ የበረታ ነበር። ስምጥ ሸለቆ በመሐላችን ያልፋልና ወደፊትም ይመጣል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ምድር እየተናወጠች ወደ ደረጃ አትሩጡ፣ ሊፍትም አትግቡ፤ ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ርቃችሁ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ የጠረጴዛውን እግር አጥብቃችሁ ያዙ። ሲያቆም ጋዙንና መብራቱን አጥፍታችሁ በደረጃ ውረዱ። የጭቃ ወይም የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ከሆናችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሜዳ ውጡ። አዲስ ቤት የምታሠሩ ደግሞ ለብረቱና ለሲሚንቶው አትሰስቱ፤ ከባዱን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሳስሩት።

እሳት የየቀን ጎረቤታችን ስለሆነ ብዙ አልልበትም። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ሁላችንም አየን። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበትን መንገድ በዕቃና በሸራ አትዝጉ። በአንድ ሶኬት ላይ ምጣዱንም ማንቆርቆሪያውንም አታከማቹ። አዲስ አበባ ያላችሁ 939ን፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907ን ልጆቻችሁ በቃላቸው ይያዙት።

ወደ ቤት ስንገባ፣ ስንቅ የሴቶቻችን ጥበብ ነው። አያቶቻችን ለዘመቻ የሚቋጥሩት በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ቆሎ ሳይበላሽ የሚቆይ፣ ያለ እሳትም የሚበላ ነው፤ ለአደጋ ቀን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 3 ወይም 4 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ለሦስት ቀን የሚሆን በክዳን ይቀመጥ፤ በየጊዜው ይለወጥ። ከጎርፍ በኋላ የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ሳይፈላ ወይም በውሃ አጋር ማከሚያ ሳይታከም አይጠጣ፤ ከጎርፉ የተረፈውን ሕፃን ተቅማጥ የሚወስደው ያን ጊዜ ነው። ተቅማጥ የያዘውን አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ አጠጡት፣ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት። የቤት ካርታ፣ የልደት የምስክር ወረቀት፣ መታወቂያና የባንክ ደብተር ውሃ በማያስገባ ከረጢት አንድ ላይ ይሁን፤ ፎቶውንም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ላኩ። ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ከአደጋው በኋላ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሁለተኛ መከራ ያያል። አሜሪካም፣ ዓረብ አገርም፣ አውሮፓም ያላችሁ ልጆቼ፣ ከአደጋ በኋላ ገንዘብ አሰባስባችሁ እንደምትልኩ አውቃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከምትልኩት ላይ ጥቂቱን አስቀድማችሁ ለእናታችሁ ቤት መደገፊያ ግንብና ለሰፈሩ እድር መሣሪያ ብታደርጉት የበለጠ ይጠቅማል።

«የፈጣሪን ቁጣ ማን ይመልሳል?» የሚለኝ ወገን አለ። እኔም በፈጣሪ አምናለሁ። ኖኅ መርከቡን የሠራው ግን ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ እየሠራም ተሳልቀውበታል። ዮሴፍ በግብፅ እህሉን በጎተራ ያከማቸው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ነው። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የሚነገረው ታሪክ ይህ ሆኖ ሳለ እጅን አጣምሮ መቀመጥን ሃይማኖት የሚያደርገው ማን ነው? ጸሎቱም ይጸለይ፣ መሰላሉም ይገዛ። አለዚያ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው በእኛ ላይ ይፈጸማል።

እንግዲህ በሚመጣው ወር የእድር ስብሰባ ላይ፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን አሰምቶ ሲጨርስ እጃችሁን አውጡ። ሮጦ መውጣት የማይችለውን የሚያወጣው ማን ነው? ጡሩምባው ሲነፋ የምንሰበሰበው የት ነው? አካፋው፣ ገመዱና ቃሬዛው መቼ ይገዛል? እነዚህን ጠይቁ፣ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ያስፍራቸው። ሰኔ ከመግባቱ በፊትም መልሱ በደንቡ ላይ ተጽፎ፣ በአባላት ፊርማ ጸድቆ ይገኝ።